ስሙ ያልተሞላ ማስታወቂያ

ሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ተውኩት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ከሁሉ ቀድሜ የዕድሩን ቢሮ ከፈትኩ። ሰርቨሩን አስነሳሁ። ሰርቨር የምለው ከበሩ ሥር የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ገጹን ከፍቼ «ሪፖርት አውጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ገና ያልተለጠፈ የሞት መረጃ ካገኘ በማይክሮሶፍት ወርድ ማስታወቂያ ያዘጋጃል፤ ከሌለ ዝም ይላል። ዛሬ አንድ ፋይል አወጣ። ሳላነበው አተምኩት። ማተሚያው ሰሞኑን ወረቀት ስለሚነክስ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

የወጣው ይኸውና፦

«ለዕድራችን አባላት በሙሉ። የአባላችን የአቶ ደጀኔ ወርቅነህ                    ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ እንድትገኙ እናሳስባለን። የዕድሩ ጸሐፊ፣ ደጀኔ ወርቅነህ።»

ደጀኔ ወርቅነህ እኔ ነኝ። ከስሜ ቀጥሎ የሟቹ ዝምድናና ስም መግባት ነበረበት። ሁለቱም ባዶ ናቸው። «ስለተለዩ» የሚለው ሕፃንም ሽማግሌም ቢሞት አይለወጥም፤ ለሁሉም እንዲያገለግል ብዬ የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ከቃሉ ምንም አይታወቅም። ደጋግሜ ሳነበው የሞትኩት እኔ መሰለኝ፤ ያስታወቅሁትም እኔ።

ቻልቱ መጣች። መረጃ የምታስገባልን እሷ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ሥራዋን የምታውቅ። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«ይኼን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?»

«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም። የሚሳሳተው ፕሮግራሙን የጻፈው ነው። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ተሳስተዋል» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይኼን ስትል ትስቅ ነበር። ዛሬ ወረቀቱን መልሳ ኮምፒውተሯ ጋ ተቀመጠች።

እሷ ጥቂት ሠርታ ስትወጣ ዳታቤዙን ከፈትኩ። በእኔ ስም የተመዘገበ ሞት የለም። ወረቀቱ አለ፣ መረጃው የለም።

ነገ የምፈትሸው፦ የማስታወቂያውን አብነት፤ መረጃውን የሚሰበስበውን ኮድ፤ ፕሮግራሙን ስሠራ ለሙከራ የራሴን ስም አስገብቼ ረስቼው እንደሆነ። ሦስተኛው ይመስለኛል። ሌላ ሊሆን አይችልም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ሦስተኛው አይደለም። የሙከራ መረጃ የሚባል ነገር አልተረፈም። አብነቱም ደህና ነው።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ይኼን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጥኩ ከአንድ ሽፋኑ ከወለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። ጎረምሶቹ ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ አውቃለሁ። አንድም ቦታ ከራሱ ሰው የሚገድል መስመር የለበትም።

አንድ ጉድለት ግን አገኘሁ። የአባሉን ስም ብቻ አስገብቼ የሟቹን ባዶ ተውኩና ሞከርኩት። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አተመው። ስም ከሌለ ማቆም ነበረበት። ይኼን አስተካክላለሁ። ነገር ግን ጉድለቱ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ስሜን አስገብቶ ቀሪውን ትቶታል።

ለምሳ ስወጣ ሴቶች በዕድሩ ግቢ ትልልቆቹን ድስቶች ያጥባሉ። ሲያዩኝ ወሬያቸው ተቋረጠ። «ማን ሞቶ ነው?» አልኩ። ወይዘሮ አስካለ፣ ጎረቤቴ፣ ድስቱ ውስጥ አንገቷን እንደ ቀበረች «አቧራ ይዞት ነው፣ ጋሼ» አለች። አቧራ የያዘው ዕቃ ስንት ጊዜ ተቀምጦ ያውቃል። ለማጠብ የምለምናቸው እኔ ነኝ።

ኦቦ ፉፋ ከሰዓት በኋላ መጣ። የዕድራችን ሊቀመንበር ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ከእኔ ጋር የማይጨቃጨቅበት ቀን የለም። ኮምፒውተሩን «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ይለዋል፤ ጥሩምባ ይበቃን ነበር ባይ ነው። ዛሬ «አካም ኦልታን፣ ኦቦ ደጀኔ» ሲል ሰላም ብሎኝ እጄን ያዘና አልለቀቀም። የዓመቱን ሪፖርት በኤክሴል አውጥቼ እንድሰጠው ፈለገ።

«ምን ቸኮልክ? ጊዜው ገና ነው» አልኩት።

«እርስዎ ይሥሩት ብቻ። እዚሁ ሆነው ይሥሩት። ሩቅ አይሂዱ።»

እርስዎ አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንተ እየተባባልን ነው የኖርነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 19

የዓመቱን ሪፖርት አወጣሁ። አምዶቹ ልክ፣ ድምሩ ልክ፣ የአማርኛው ፊደል ሳይበላሽ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የተራ ቁጥሩን አየሁ። በመጨረሻው መረጃና ከእሱ በፊት በነበረው መካከል አንድ ቁጥር ተዘሏል። የመጨረሻው እኔ ትናንት ለሙከራ ያስገባሁት ነው። ዳታቤዙ አንዴ የሰጠውን ቁጥር መረጃው ቢጠፋም ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ሰው አስገብቶ ሰው አጥፍቶታል። ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ካተምኩ በኋላ፣ ቻልቱ ተቀምጣ ሳለ።

ለምን እንደሆነም ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ባለፈው ዓመት ቻልቱ «ይቆይ የሚል ሳጥን ይጨምሩልኝ» ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ ከያለበት ተጠርቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ድረስ ተሄዶ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ዕድሩ ግን ድንኳንና ዕቃ ለማዘጋጀት ወሬው እንደ ተሰማ መመዝገብ አለበት። ቻልቱ የምትፈልገው ተመዝግቦ የማይታተም ነገር ነው። እኔ እንቢ አልኩ። «ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ አልሞተም። ፕሮግራም ውስጥ በመካከል የሚቀመጥ ነገር የለም» አልኳት። ስትለምነኝ ቆይታ ተወችው።

እንግዲህ የሚቆየው የእኔ ነው።

ያሉኝ ሦስት ናቸው። እጃጂ የምታስተምረው ልጄ ፀሐይ። ጊንጪ ተከራይቶ ጭልሞ ደን ውስጥ የሚሠራው ልጄ መስፍን። ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን፣ ሲያርስ ኖሮ በስተርጅና እንግዳ በጀልባ የሚያሻግር።

ለፀሐይ ደወልኩ። አነሳች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው፣ አባዬ። ምሳ በሉ?»

«የት ነሽ?»

«ትምህርት ቤት።»

ከኋላዋ የመኪና ሞተር ይጮኻል። ሰዎች አሉ፣ ልጆች ግን አይሰሙም። ሌላ ሳልጠይቅ «ተማሪ ገባ» ብላ ዘጋችው።

መስፍን ስልኩ ዝግ ነው። ጥላሁን ሐይቁ ዘንድ ኔትወርክ አያገኝም፤ ቢያገኝም ስልኩን ቤት ጥሎ ነው የሚወጣው።

ሁለት ቀሩ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ለማንም ሳልናገር በጠዋት ጊንጪ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ፊት ያለውን ጎረምሳ አስነሥቶ ጋቢና አስቀመጠኝ። ዘፈኑንም ዘጋው። እንዲዘጋ አላልኩትም።

መስፍን የተከራየው ክፍል ተቆልፏል። የሥራ ካፖርቱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ደርቆ ክርር ብሏል፤ ጤዛ ሲወርድበት ያደረ ይመስላል። እጅጌውን ነካሁት።

አከራይዋ ወጥታ አየችኝ። አወቀችኝ። ወንበር አመጣች፣ ውሃ አመጣች።

«መስፍንስ?»

«ወጥቷል።»

«መቼ?»

«ወጥቷል፣ አባባ። ውሃ ይጠጡ።»

«ሥራ ነው የሄደው?»

«ይጠጡ እስቲ መጀመሪያ።»

ጠጣሁ። ቆማ ብርጭቆውን ስታይ ቆየች፣ እኔን ሳይሆን። ከቤቷ ውስጥ አንዲት ሴት «ማነው?» ስትል ሰማሁ፤ አከራይዋ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ጭልሞ ደረስኩ። የደኑ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ዱላውን ተደግፎ «ሁሉም ወጥተዋል» አለኝ። ወዴት ብለው አገጩን ወደ ደቡብ አነሣ። በዚያ በኩል ዛፍ ብቻ ነው ያለው። ነፋስ አልነበረም። እንዲያ ያለ ደን ውስጥ ቆሞ መጥረቢያ አለመስማት ደስ አይልም። ዛፍ ወድቆበት ይሆን ብዬ አሰብኩና ማሰቤን ለማቆም ጮክ ብዬ ሳልኩ። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን አወለቀ?

አምቦ መናኸሪያ ስወርድ ኦቦ ፉፋ ቆሞ ጠበቀኝ። መሄዴን ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። ዣንጥላዬን ተቀበለኝና ጎን ለጎን ሄድን። ሰፈር ስንደርስ «ነገ ጽዮን ናት። ቤተ ክርስቲያን ሂድና ጸልይ፣ ከዚያ ተኛ» አለኝ። ወደ አንተ መለሰው፤ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ጴንጤ ሆኖ ጽዮን ሂድ ማለቱ ሲገባኝ እንደገና ከበደኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ሄድኩ። አስቀድሼ ስመለስ ከደጄ ፊት ያለው ቦታ ተደልድሏል። ድንጋዩ ተለቅሟል፣ ጉብታው ተቆርጧል፣ ሣሩ ታጭዷል። አስካለን ጠየቅኋት።

«መኪና እንዲገባ ነው፣ ጋሼ።»

በዚህ ቅያስ መኪና ያለው ሰው የለም። የድንኳን ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ። በስንቱ ሰው ደጅ ቆሜ «ወደ ግራ ሳቡት» ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን የኔ ቤት ለለቅሶ ሲሰናዳ እኔ ውስጡ እየኖርኩ ነው። ሽሮዬን ሠርቼ እበላለሁ፣ ራዲዮ እሰማለሁ፣ እነሱ ዙሪያውን ያዘጋጃሉ። የሞተ ሰው ቤቱን ማየት ቢችል እንዲህ ይመስለው ይሆናል፤ ሁሉም ያዩታል፣ ማንም አያናግረውም።

ቢሮ ሄድኩ። ቻልቱ ብቻዋን ነበረች። ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ቁጥሩ ተዘሏል» አልኳት።

ገባት። ፊቷን በሻርፕዋ ያዘች።

«ስም ከሌለው አይታተምም ብዬ ነው እሑድ ማታ ያስገባሁት፣ ጋሼ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። መርዶው እስኪነገር የሟቹን ስም ትቼ የአባሉን ብቻ አስገባለሁ፣ ከዚያ እሞላዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን ሁሌ ከእርስዎ ቀድሜ ነበር የምሞላው።»

ሳጥኑን ስለከለከልኳት የራሷን ሳጥን ሠርታ ኖራለች። እኔም የማተሚያውን ቁልፍ ይዤ ከላይ ተቀምጫለሁ።

ሻርፕዋን አውርዳ አየችኝ። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፣ አፏ ላይ ነበር። ጠይቀኝና ልገላገል ትለኝ ነበር ዓይኗ።

መርዶ ያለጊዜው ያወጣ ከዕድሩ ይባረራል የሚለውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አንዱን ስናባርርም ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ ሰውዬው ራርቼ ነው ቢልም አልሰማሁትም። አሁን የራሴ ሲሆን ላፈርሰው? ደግሞ እሷ ናት የምትባረረው።

«ያልተሟላ መረጃ ካለሽ በጊዜው ትሞይዋለሽ» አልኳት። ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ዛሬ ሳጥኑን ሠራሁ።

ቅጹ ላይ «ይቆይ» የሚል ጨመርኩ። ምልክት ከተደረገበት መረጃው ይቀመጣል፣ ለዕቃ ክፍሉ በኤክሴል ይወጣል፣ ማስታወቂያው ግን አይዘጋጅም። ምልክቱ ሲነሣ ይዘጋጃል። ስም ከሌለም ፕሮግራሙ እንቢ ይላል። የፈጠራ ስም አስገብቼ ሞከርኩ። አልታተመም። ምልክቱን አነሣሁ። ታተመ። በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ።

ቻልቱን ጠርቼ አሳየኋት። «ገለቶማ፣ ጋሼ» አለች፤ ለማመስገን እንኳ ኦሮምኛ የሚቀናት ልቧ ሲነካ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ትታ ወጥታ ግቢ ውስጥ ቆየች።

ሌላ የሠራሁት፦
ጢሜን ተላጨሁ።
ወንበሮቹን ከጓዳ አወጣሁ።
ጥቁሩን ኮት በብሩሽ መታሁ።
ለመስፍን ደወልኩ። ዝግ ነው።
እንደገና ደወልኩ።

ወንድሜ ሰባውን ካለፈ ቆይቷል። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ታቹን ያየ የለም ይላሉ። ጀልባው አሮጌ ነው፣ እሱም አሮጌ ነው። መስፍን ደግሞ ዛፍ ሲቆረጥ ከሥር የሚቆም ልጅ ነው፤ ተው ብዬዋለሁ፣ አይሰማም፣ ከእኔ የወረሰው ይኼንኑ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ከሆነ፣ የትኛው ይሁን? እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም ልበል ብዬ ነበር። ለራሴ በምጽፈው ላይ መዋሸት ግን አልችልም። ጠይቄያለሁ። መልሱም ሳላስብበት ነው የመጣልኝ። ጥላሁን ጀርባው ላይ አዝሎኝ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው። መልሱ ግን አልዘገየም።

ወረቀቱን አሁን አቃጠልኩት። ባዶው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ጠቆረ፣ ወይም መሰለኝ።


እሑድ፣ ኅዳር 23

መኪናው እስኪመጣ ነው፣ ጓዳ ገብቼ የምጽፈው። ትንሽ ይተኛ ብለው ትተውኛል።

ሊነጋጋ ሲል ደጄ ላይ እግር ሰማሁ። ብዙ እግር፣ ወሬ የሌለበት። ለብሼ ነበር። መብራት ሳላበራ በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ።

ኦቦ ፉፋ ፊት ነበር፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ። ከኋላው ቄሱ። አስካለ። ቻልቱ። ፀሐይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ከፀሐይ ኋላ ያለውን አላየሁም፤ ኦቦ ፉፋ ጋረደው። ጠበቅሁ። እሱም ቆሞ ከቄሱ ጋር ተንሾካሾከ፣ ከበሩ ማን ይቅደም እየተባባሉ መሰለኝ። ዞር በል፣ ዞር በል አንተ ሰውዬ አልኩ በሆዴ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

ዞር አለ። ከኋላው ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ጫማው ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

መስፍን።

ደስ አለኝ። ወንድሜ ሞቶ ደስ አለኝ። ግንባሬን መስኮቱ ላይ አሳርፌ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። አላለፈልኝም፤ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ኦቦ ፉፋ «ተቀመጥ፣ ኦቦ ደጀኔ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከሩቅ ጀመረልኝ፣ እንደ ደንቡ። ባለፈው እሑድ ሐይቁ ላይ ነፋስ እንደተነሣ፣ አንዲት ጀልባ እንደተገለበጠች፣ ሰዉ ሁሉ ከያለበት ሄዶ ሲፈልግ እንደሰነበተ፣ ከጭልሞ ድረስ ሳይቀር፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ እንዳገኙት። ዛሬ ወንጪ እንደሚቀበር። አላቋረጥኩትም። ምንም እንደማያውቅ ሰው ፊት ለፊት አየሁት። ስሙ ላይ ሲደርስ ቻልቱ አንገቷን ደፋች። «ጥላሁን» አለ በመጨረሻ። «ጀባዻ። በርታ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ፀሐይ እግሬ ሥር ወደቀች። ኦቦ ፉፋም አለቀሰ፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ቤቱ ሁሉ ለጥላሁን ነው የሚያለቅሰው። እኔም ለእሱ ነው፣ ግን ለእሱ ብቻ አልነበረም። ይኼን ማን ጋ ሄጄ እንደምናገር አላውቅም። ቄሱን እጠይቅ ይሆናል። አልጠይቅም ይሆናል።

መስፍን ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል። «አጎቴን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ አባዬ» አለኝ በጆሮዬ። እጁን ያዝኩት። ካፖርቴን እንዲለብስ፣ ጫማውን እንዲያወልቅ ልነግረው ነበር። ሰዎቹ ሊያላቅቁን ሲሞክሩ አልለቀቅሁም።

መኪናው መጣ መሰለኝ። ሞተር ይሰማኛል።